ደጋው ከታች ነው

የሺመቤት መሞቷን የሰማሁት ሠልስቷ ካለፈ፣ ድንኳኑም ከፈረሰ በኋላ ነው። የነገረኝ ድሮ አብሮን ያስተምር የነበረ ሰው ነው። ስልክ ደውሎ ስለ ዘንድሮው ውርጭና ስለ ጉልበቱ ሕመም ሲያወራኝ ቆየና፣ ልንሰነባበት ስንል «ለካ መምህርት የሺመቤት ዓለም ከተማ ላይ አርፋለች፤ ሰምተሃል አይደል?» አለኝ። አልሰማሁም ነበር። ማንም ሊነግረኝ አላሰበም። ለምንስ ብለው ያስቡ? ሴትዮዋን ከትምህርት ቤቷ ያስነሳኋት እኔ ነኝ፤ ይህን ደግሞ ከራቤል እስከ ዓለም ከተማ የማያውቅ የድሮ መምህር የለም።

«ነፍስ ይማር» ብዬ ስልኩን ዘጋሁ። በርኖሴን ደርቤ ደጅ ወጥቼ ተቀመጥኩ። ባለቤቴ ተከትላኝ መጥታ «ምን ሆንክ?» አለችኝ። «ምንም» አልኳት። ጡረታ ከወጣሁ ጀምሮ ለጥያቄ ሁሉ የምሰጠው መልስ ይኸው ነው።

ሙት ወቃሽ አያድርገኝና፣ የሺመቤት ትሑት ሰው አልነበረችም። ቀብሯ ላይ ምን ብለው የሕይወት ታሪኳን እንዳነበቡ አላውቅም። እንደ ልማዱ «ሰው አክባሪ፣ ታዛዥ፣ ከሁሉ ተግባቢ» ብለው ከሆነ ግን ዋሽተዋል። ታዛዥ? እሷ? ዳይሬክተሩ «ደወል እኮ ተደወለ» ሲላት «ይደወል፤ እኔ ገና አልጨረስኩም» የምትል ሴት ነበረች። አጭር ናት፣ ቀጭን፤ ድምፅዋ ግን ገደል ማዶ ይሰማል። የመነጽሯ አንዱ ክንፍ ተሰብሮ በክር ታስሯል። ሰው የማይረባ ነገር ሲናገር ከሰማች መነጽሯን ታወልቅና በነጠላዋ ጫፍ ቀስ ብላ ትወለውላለች። ያን ጊዜ ተናጋሪው ቶሎ ቢያቆም ይሻለዋል። እኔ ያንን ውልወላ ስንት ጊዜ እንዳየሁት እግዜር ይቁጠረው።

ትውልዷ መርሐቤቴ ነው። ከዓለም ከተማ ወደ ጀማ ወንዝ የሚወርደውን ቁልቁለት ስትወርድ ስትወጣ ነው ያደገችው። ተመድባ የመጣችው ግን ወደኛ ደጋ፣ ከራቤል ወጣ ብሎ ገደል አፋፍ ላይ ወዳለ አንድ ትምህርት ቤት ነበር። የስምንተኛ ክፍል ጂኦግራፊ ታስተምራለች። እኔ የዚያ አካባቢ ትምህርት ቤቶች ሱፐርቫይዘር ነበርኩ። ሱፐርቫይዘር ማለት ከአንዱ ትምህርት ቤት ወደ ሌላው በእግሩም በበቅሎም እየዞረ፣ መምህር ሲያስተምር ከኋላ ወንበር ተቀምጦ ቅጽ የሚሞላ ሰው ነው። ስሄድ መምህራን ይፈሩኛል፤ መፈራቴንም እወደው ነበር፣ ምን ይደበቃል።

መጀመሪያ የተገናኘን ቀን ክፍሏ ባዶ ነበር። ዘበኛውን «ልጆቹ የት አሉ?» ብዬ ብጠይቀው ፊቱን ሳያጨማድድ «ባሕር ሊያዩ ሄደዋል» አለኝ።

«የት ነው ባሕሩ?»

«እዚያ፣ ገደሉ ጋ።»

ሰውዬው ያላገጠብኝ መስሎኝ እየተቆጣሁ ሄድኩ። ስደርስ ያየሁትን እስካሁን አልረሳውም። ከአፋፉ ሃያ ርምጃ ያህል ርቀው ሠላሳ ስምንት ተማሪዎች ጀርባቸውን ለገደሉ ሰጥተው ተሰልፈዋል። ሁሉም ጎንበስ ብለው፣ ጭንቅላታቸውን በእግሮቻቸው መካከል አሾልከው፣ ማዶውን ተገልብጠው ያያሉ። መምህርቷም ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ እንደነሱው ጎንበስ ብላለች።

«ምን እየሆናችሁ ነው?» አልኩ።

እንደተገለበጠች መለሰችልኝ። «ባሕር እያየን ነው። እርስዎም ጎንበስ ይበሉና ይዩ።»

እኔ ጎንበስ አላልኩም። ማኅተም የሚይዝ ሰው ተማሪ ፊት ያጎነብሳል እንዴ? እሷ ግን ቀና ብላ፣ አቧራዋን አራግፋ፣ እኔ እንደሌለሁ ትምህርቷን ቀጠለች። «እዚህ ደጋው ላይ ምን ይላል?» አለች። ልጆቹ «ይበርዳል» አሉ። «ወደ ታች ስንወርድስ?» «ይሞቃል።» «አሁን ተገልብጣችሁ ስታዩት ደጋው የት ሄደ?» «ከታች።» «ይኸው ነው» አለች። «ባሕር የተገለበጠ አገር ነው። ቆላው ላይ ላዩን ነው፤ ፀሐይ ያገኘዋል፣ ይሞቃል። ዝቅ ስትሉ ወይና ደጋ አለ፤ እዚያ ጋ ብርዱ ቶሎ ቶሎ እየጨመረ ይመጣል። ከዚያ በታች ያለው ሁሉ ፀሐይ አይቶ የማያውቅ ደጋ ነው። የባሕር ደጋው ከታች ነው።»

እኔ ደግሞ ቅጼ ላይ «ተማሪዎች ከክፍል ውጭ፣ አግባብ ባልሆነ አኳኋን ተደፍተው ተገኝተዋል» ብዬ ጻፍኩ።

ያ ወሬ ከእኔ ቅጽ ፈጥኖ አገሩን አዳረሰ። የወላጅ ኮሚቴው ሊቀ መንበር ቄስ ገብሬ ነበሩ፤ የራሳቸው ልጅ ስንዱም ከተደፉት አንዷ ናት። ተቆጥተው መጡ። እኔም ደስ ብሎኝ አጠገባቸው ቆምኩ። «አንቺ ልጅ» አሏት፣ «ለመሆኑ ባሕርን በዓይንሽ አይተሽው ታውቂያለሽ?»

«አላየሁትም አባ» አለች የሺመቤት። «እርስዎስ ሲኦልን አይተውት ያውቃሉ? በየእሑዱ ግን እንዴት አድርጎ እንደሚያቃጥል ሲነግሩን እንሰማለን።»

አሁን አለቀላት ብዬ ጠበቅኩ። ቄሱ አዩዋት፣ ከዚያ ሳቃቸው መጣ። ጥምጥማቸው እስኪላላ ሳቁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠበቃዋ ሆነው ቀሩ። ብቻዬን ተናድጄ ወደ ራቤል ተመለስኩ።

ነገሯ ሁሉ ውኃ ነበር። ሌላው ምዕራፍ ላይ እንደማንኛውም መምህር ታስተምራለች፤ ውቅያኖስ የሚለው ምዕራፍ ሲደርስ ግን ሌላ ሰው ትሆናለች። ባሕር አንድ ውኃ አይደለም ትላለች፤ ብዙ ውኃ ነው፣ አንዱ በአንዱ ላይ የተደራረበ። የሚለየው ቅዝቃዜውና የጨው መጠኑ ነው። የቀዘቀዘው ይከብዳል፣ ወደ ታች ይወርዳል። ጨው የበዛበትም ይከብዳል። በደቡብ ዋልታ በረዶ ሥር የቀዘቀዘ ውኃ ወደ ታች ሰምጦ፣ የባሕሩን ወለል ይዞ ሲጓዝ ሲጓዝ ለአገራችን እስከሚቀርበው ውቅያኖስ ድረስ ይመጣል። ላዩ ላይ ሌላ ውኃ አለ፤ ቶሎ አይደባለቅም። ባለሙያ ከጥልቁ ቀድቶ ሙቀቱንና ጨዉን ሲለካ ይህ ውኃ የት እንደተወለደ ያውቃል። «ውኃ አገሩን አይረሳም» ትል ነበር። መምህራኑ «አንቺ እኮ የኛ አገር ሰው ሆነሻል፣ ደገኛ ሆነሻል» ሲሏትም መልሷ ይኸው ነበር፤ ውኃ አገሩን አይረሳም።

እንግዲህ ወደ ጥፋቱ ልምጣ፤ ብሸሸውም አይቀርልኝም።

በዚያው ዓመት መጨረሻ ከአካባቢው የስምንተኛ ክፍል ተማሪዎች ሁለት ተመርጠው አዳሪ ትምህርት ቤት እንዲገቡ ዕድል መጣ። እንዲህ ያለ ነገር መጥቶልን አያውቅም። ለሁሉም ትምህርት ቤቶች አንድ ፈተና ይዘጋጅ ተባለ፤ የጂኦግራፊውን ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ። ሥራ ላይ ሳለሁ ያቺ የገደል አፋፍ ነገር ትዝ አለችኝና ተናደድኩ። ይህችን ሴት ላርማት አልኩ። «በውቅያኖስ ውስጥ እጅግ ሞቃታማው ውኃ የሚገኘው የት ነው?» ብዬ ጻፍኩ። ሀ፣ ከላይ። ለ፣ ከመካከል። ሐ፣ ከታች። መ፣ በሁሉም እኩል ነው። የመልስ ወረቀቱ ላይ ሐ ብዬ ሞላሁ።

መጽሐፍ አልገለጥኩም። ለዚህ ደግሞ መጽሐፍ ይገለጣል? እኔ ጥርሴን የነቀልኩት በዚህ ደጋ ላይ ነው። ወደ ቆላ ገበያ ስንወርድ መጀመሪያ በርኖሱ ይወልቃል፣ ቀጥሎ ኮቱ፣ ቀጥሎ ሹራቡ፤ ወንዙ ጋ ስንደርስ በሸሚዝ ነን። ወደ ታች የወረደ ሁሉ ይሞቀዋል። እናቴም ይህን ታውቃለች፣ አህያዬም ታውቃለች። ባሕር ደግሞ ከወረዱት ሁሉ የወረደ ነው፤ ታዲያ ታቹ ካልሞቀ ምን ሊሞቅ ነው? እንዲህ ብዬ በሙሉ ልቤ አምኜ ማኅተም መታሁበት።

ፈተናው ተሰጠ፣ መምህራን በተላከላቸው መልስ አረሙ። ከየትምህርት ቤቱ ወረቀት መጣ። ከየሺመቤት የመጣውን ስከፍት ከላይ ያገኘሁት የእኔኑ የመልስ ወረቀት ነው። ሐ የሚለው በቀይ እስክሪብቶ ተሰርዞ ሀ ተብሎ ተጽፏል። ከሥሩ «ተሳስቷል፤ ታርሟል» የሚል አለ፣ ከነፊርማዋ። ተማሪዎቿ ሠላሳ ስምንቱም ሀ ብለዋል፤ ለሠላሳ ስምንቱም ትክክል ብላ አርማለች። እኔ ሰው ስፈትን ኖሬ ማንም አርሞኝ አያውቅም። ጆሮዬ ሲግል ይሰማኝ ነበር።

ቁጭ ብዬ ሠላሳ ስምንቱንም ወረቀት እንደገና አረምኩ፤ ከእያንዳንዱ አንድ ማርክ አነሳሁ። ስደምረው የቄሱ ልጅ ስንዱ ከሁለተኛው ወደ ሦስተኛው ወረደች። በአንድ ማርክ። ቦታዋን የሌላ ትምህርት ቤት ልጅ ያዘው። ስንዱ ማለት እኔ ራሴ ክፍል ውስጥ አይቻት «ይህች ልጅ ዶክተር ትሆናለች» ያልኳት ልጅ ናት፤ ይህንንም እያወቅኩ ነው ያነሳሁት።

የሺመቤት ወሬው እንደደረሳት በእግሯ ራቤል ድረስ መጣች። ቢሮዬ ገብታ ሳትቀመጥ «ይህን ጥያቄ ያዘጋጀው ማን ነው?» አለች።

«ኮሚቴ ነው» አልኳት። ምንም ኮሚቴ አልነበረም።

መነጽሯን አወለቀች፣ ጠረገች፣ መልሳ አደረገች። የመልስ ወረቀቱን አንስታ አየችው። «የኮሚቴው የእጅ ጽሑፍ ያምራል» አለችኝ።

«መምህርት፣ ሥርዓት ያዢ።»

«ሥርዓት ይዣለሁ ጋሽ ተክሌ። ስሕተት አየሁ፣ አረምኩ፤ የመምህር ሥርዓቱ ይኸው ነው። አሁን የምለምንዎ አንድ ነገር ነው። የአዳሪ ትምህርት ቤቱ ስም ዝርዝር ሳይላክ ሰው ይሰብስቡና ላሳያችሁ። ካልሆነልኝ ያጠፋሁት እኔ ነኝ፣ እፈርማለሁ። ከሆነልኝ ግን የልጅቷን ማርክ ትመልሳላችሁ።»

እምቢ ልላት ነበር፤ ነገሩን የሰሙት የወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ ግን «ታሳየን፣ ምን ገዶን» አሉ። በማግስቱ ጠዋት በትምህርት ቤቱ ተሰበሰብን። ኃላፊው፣ ዳይሬክተሩ፣ ቄስ ገብሬና እኔ። ብርዱ አጥንት የሚሰብር ነበር። የሺመቤት ጠረጴዛው ላይ አንድ ትልቅ የፕላስቲክ ጠርሙስ፣ አፉን ቆርጣ፣ በምንጭ ውኃ ሞልታ አቆመች። ከጎኑ ሙቅ ውኃ የያዘ ፔርሙዝ፣ የተፈጨ ጨው በሳህን፣ በቀይ ሥር ቀለም የገባ ውኃ። ሙቁን ውኃ በብርጭቆ ቀዳች፣ በቀይ ሥሩ አቀላችው፣ በማንኪያ አስደግፋ ቀዝቃዛው ላይ ቀስ ብላ አፈሰሰችው።

ቀዩ ከላይ ተኛ። ታቹ ንጹሕ እንደሆነ ቀረ። ጣቷን ከላይ ነከረችና «አባ፣ ይንኩት» አለች። ቄሱ ነክተው «ይሞቃል» አሉ። የጠርሙሱን ግርጌ በመዳፋቸው ይዘው ደግሞ «ይበርዳል» አሉ። ከዚያ ዓይናቸውን ወደኔ አዞሩ።

«ይህ የመጀመሪያው ነው» አለች የሺመቤት። «ሁለተኛውን ደግሞ ጋሽ ተክሌ እንዳይሉኝ ራሴ ልበልላቸው። ሙቅ ውኃ ወደ ታች የሚወርድበት ጊዜ አለ።» ሌላ ንጹሕ ቀዝቃዛ ውኃ ያለበት ጠርሙስ አመጣች። ሙቁን ቀይ ውኃ ቀዳችና ጨው በእፍኟ ጨምራ በደንብ በጠበጠችው። ስታፈሰው ቀዩ ውኃ ከላይ አልቆየም፤ ተጠቅልሎ እየወረደ ታች ሄዶ ተኛ። «ይህ ቀይ ባሕር ነው» አለች። «ዙሪያው በረሃ ነው፣ ፀሐይ ታተነዋለች፣ ወንዝ አይገባበትም፣ ጨዉ ይበዛል። በባብ ኤል መንደብ ጠባብ በር ሲወጣ ሙቅ ሆኖ ሳለ ጨዉ አክብዶት ከሌላው ውኃ ሥር ይገባል። ያም ሆኖ እስከ ወለሉ አይወርድም፤ ከሱ የቀዘቀዘ፣ ከሱ የከበደ ከታቹ አለ። ጥያቄው ስለ ጨው ቢሆን ኖሮ ተማሪዎቼ ይህንንም ይጽፉ ነበር። የተጠየቁት ግን ሞቃቱ የት ነው ተብለው ነው፤ መልሱ ከላይ ነው።»

ዳይሬክተሩ አፉን ከፍቶ ቀረ። ኃላፊው ወደኔ ዞረው «እሺ አቶ ተክሌ፣ ምን ትላለህ?» አሉኝ።

እዚህ ላይ መዋሸት አልፈልግም። ገብቶኛል። ቀዩ ከላይ ሲተኛ ያኔውኑ ገባኝ፣ እንደ ቀን ፀሐይ ግልጽ ሆነልኝ። «ተሳስቻለሁ» ብል ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር፤ ልጅቷም ትሄድ ነበር። ግን ሰው አለ፣ ዳይሬክተሩ አለ፣ በየትምህርት ቤቱ የሚፈሩኝ መምህራን አሉ። «ይህ ጠርሙስ ነው፤ ባሕር አይደለም። መልሱ ደግሞ ማኅተም ተመቶበት የወጣ ነው» አልኩ።

«ማኅተሙ የተመታው ወረቀቱ ላይ ነው» አለች የሺመቤት። «ውኃውን አያሞቀውም።»

ቄስ ገብሬ «እኔ በእጄ ነክቼዋለሁ፣ እመሰክራለሁ» ብለው ተነሱ። እኔ «አባ፣ የልጅዎ ጉዳይ ስለሆነ በዚህ ላይ ባይናገሩ ይሻላል» አልኳቸው። እሳቸውም ተቀመጡ። ሰውየው በሕይወታቸው ለልጃቸው ሲሉ ዋሽተው አያውቁም፤ ይህንንም አውቃለሁ። ኃላፊው ሰዓታቸውን አዩና «እንግዲህ የወጣ ወጥቷል፤ ይጽና» አሉ። ስም ዝርዝሩ ያለ ስንዱ ተላከ።

ቀጥሎ የሆነውን ባጭሩ ልናገር። የሺመቤት «ማኅተም ያለበትን ሰነድ በመሰረዝ» ተብላ ተከሰሰች፤ ክሱን የጻፍኩት እኔ ነኝ። አንድ የይቅርታ ደብዳቤ ከጻፈች ጉዳዩ በማስጠንቀቂያ እንዲያልፍላት ተነገራት። ደብዳቤውን ጻፈች። ኃላፊው ጮክ ብለው ሲያነቡት እዚያው ነበርኩ። «ይቅርታ የምጠይቀው ተማሪዎቼን ነው። ትክክለኛውን መልስ ጽፈው ሳለ ማርካቸውን ላስከብርላቸው ባለመቻሌ ይቅር ይበሉኝ» ይላል። ከሥሩ ስሟና ፊርማዋ። በሳምንቱ ከገደሉ ሥር፣ መኪና ወደማይደርስባት አንዲት ትንሽ ትምህርት ቤት ተመደበች፤ አንደኛ ክፍል፣ ሀ ሁ ልታስተምር። ዕቃዋን በአህያ ጭና ስትሄድ ማንንም አልተሰናበተችም ብለውኛል። ቄስ ገብሬ ግን እስከ ቁልቁለቱ መጀመሪያ ሸኝተዋታል።

ሦስት ዓመት ካለፈ በኋላ ያቺ ትምህርት ቤት ለሱፐርቪዥን ደረሰችኝ። ላለመሄድ ያላመጣሁት ሰበብ የለም፤ አልሆነም፣ ወረድኩ። ክፍሏ ውስጥ ገብቼ ከኋላ ተቀመጥኩ። ሀ ሁን ታስተምራለች፤ ድምፅዋ ያው ነው፣ መነጽሯም ያው። ግድግዳው ላይ ከጣሪያ እስከ ወለል የሚደርስ ረጅም ወረቀት ተለጥፏል፤ ከላይ ቢጫ፣ ከመካከል ሰማያዊ፣ ከታች ጥቁር። ትምህርቱ ሲያበቃ «ለአንደኛ ክፍል ልጅ ይህ ምን ያደርግለታል?» አልኳት።

«ስምንተኛ ክፍል ላይ ስጀምር ዘገየሁ» አለችኝ። «ቀደም ብዬ ልጀምር ብዬ ነው።»

ልጆቹ ወጥተው ሁለታችን ቀረን። ሦስት ዓመት ሙሉ ደረቴ ላይ የተቀመጠውን ነገር ልተንፍሰው ብዬ «የሺመቤት፣ ያን ጥያቄ ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ» አልኳት።

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ ሰው ፊት ለምን አልተናገርሽም?»

«ስምዎን ብጠራ ነገሩ የእኔና የእርስዎ ጠብ ይሆን ነበር» አለች። «ሰው ሁሉ እኛን ያይ ነበር፤ ውኃውን የሚያይ አይኖርም።»

እዚያ ላይ እውነቱን ሁሉ ብናገር ምን ነበረበት? አሁንም ክብሬ ያዘኝ። «መሳሳቴን እኮ ያወቅኩት በኋላ ነው» አልኳት፣ «መጽሐፍ ሳገላብጥ።» መነጽሯን አወለቀች። በነጠላዋ ጫፍ ስትጠርገው፣ ስትጠርገው ቆየች። «ወደ ቦታሽ እንድትመለሺ ደብዳቤ እጽፋለሁ» ብላት ራሷን ነቀነቀች። «እኔ እዚህ ምንም አልጎደለብኝም። ማርክ የተነሳው ከልጆቹ ነው። ሠላሳ ስምንት ናቸው፤ አንድ በአንድ ሄደው ይንገሯቸው። ከስንዱ ይጀምሩ።»

«እሺ» አልኳት። እሺ ማለት ለእኔ ቀላል ነው። ዳገቱን ወጥቼ ቤቴ ስገባ ግን ዛሬ ነገ ማለት ጀመርኩ። ዛሬ ነገ ስል ጡረታ ወጣሁ፤ እሷ አገሯ ዓለም ከተማ ገባች፤ ቄስ ገብሬ አረፉ። ይኸው እሷም ሞተች።

ደጅ ተቀምጬ ይህን ሁሉ ሳስብ ዋልኩ። ማምሻውን ለባለቤቴ «ነገ ወደ ቀየት ከተማ እሄዳለሁ» አልኳት። ስንዱ እዚያ አግብታ ልብስ ስፌት ከፍታለች ሲሉ ሰምቻለሁ። «ምን ልታደርግ?» ብትለኝ ለመጀመሪያ ጊዜ «ምንም» አላልኩም፤ «ዕዳ አለብኝ» አልኳት።

ቀየት የደረስኩት በገበያ ቀን ነው። ሱቋ ከመንገዱ ዳር ነው፤ በሩ ላይ የተማሪ ዩኒፎርም ተሰቅሏል። ስንዱ ስፌት መኪናው ላይ ተቀምጣ ሰማያዊ ጨርቅ ትሰፋ ነበር። ጠጉሯ ላይ አንዳንድ ሽበት ጣል ጣል ብሏል። አወቀችኝ። «ጋሽ ተክሌ» አለች፣ ወንበር ሰጠችኝ፣ መስፋቷን ግን አላቆመችም። የሺመቤትን ማረፍ ሰምታለች፤ ቀብሯ ላይም ነበረች። ከክፍሏ ልጆች አሥራ አንዱ መጥተዋል አለችኝ።

መንገድ ለመንገድ ያዘጋጀሁትን ተናገርኩ። ያን ፈተና ያዘጋጀሁት እኔ እንደሆንኩ፣ መልሱ ስሕተት እንደነበር፣ የእናንተ ትክክል እንደነበር።

«እኛማ እናውቅ ነበር» አለች ስንዱ። «ውጤቱ የመጣ ቀን መምህርት አሰልፋ ነገረችን። ትክክል ናችሁ፣ ማርክ ግን አልተሰጣችሁም፤ ሁለቱን እንዳታምታቱ አለችን። እኔ ሳለቅስ እንባዬን ጠርጋልኝ አንድም ቀን ተሳስቼ ነበር እንዳትይ ብላኛለች። ብዬም አላውቅ።» ክሩን በጥርሷ በጠሰችው። ቀና ብላ አየችኝና «እርስዎስ መቼ አወቁ?» አለችኝ።

ያ የመጽሐፉ ነገር ምላሴ ላይ ነበር። ለየሺመቤት ያልኩትን ለእሷም ልላት አፌን ከፈትኩ። አልወጣ አለኝ።

«የዚያኑ ዕለት» አልኳት። «ጠርሙሱ ፊት ቆሜ። አባትሽ በእጃቸው ሲነኩት እኔም ገብቶኝ ነበር።»

እግሯ መርገጫው ላይ ቆመ። የስፌት መኪናው ዝም አለ።

«አባቴ እስኪሞት ድረስ ሲሟገትልዎ ነበር» አለች። «ወንድሞቼ ስምዎን በክፉ ሲያነሱ፣ ተዉ፣ ሰውየው ባያውቅ ነው፤ ቢያውቅማ እንዲህ አያደርግም፤ ሰው ባላወቀው አይኮነንም ይል ነበር። በየጸሎቱ ስምዎን ይጠራ ነበር።»

«ይቅር በይኝ» አልኳት።

«እሱን እኔና እግዜር እናውቅበታለን» አለች። ተነሳች። ጨርቁን አጥፋ ወንበሩ ላይ አስቀመጠችና ወደ በሩ ሄደች። መንገዱ ላይ ገብስ ይዘው የመጡ፣ በግ የሚጎትቱ፣ ከበግ ፀጉር የተሠራ ባናቸውን ለሽያጭ የዘረጉ ሰዎች አሉ። «ያን ጊዜ ሰው ፊት ነው የካዱት» አለችኝ። «ሰው ፊት ይናገሩት።» ከዚያም ወደ መንገዱ ዞራ «እስቲ አንዴ ወዲህ ኑ፤ እኚህ አባት የሚነግሯችሁ ነገር አለ» አለች። ድምፅዋ ማዶ ድረስ ተሰማ።

ሰዎች መጡ። ከመካከላቸው የሺመቤትን የሚያውቅ መኖሩን እንጃ፤ እኔንም የሚያውቀኝ የለም። ባናቸውን ትከሻቸው ላይ እንደጣሉ ቆመው ይጠብቁኛል። ተነስቼ በሩ ላይ ቆምኩ።

«ከየት ልጀምር?» አልኳት ስንዱን ዝቅ ባለ ድምፅ።

«ከውኃው ይጀምሩ» አለችኝ።

ኮፍያዬን አወለቅኩና ጀመርኩ።